ኦብሊቪየን ይሄ ነው እንዴ? ያሟሟቃችሁኝ ሰዎች ኑና አስረዱኝ

የጦሳው (ደሴ)

ጌሙን ልሳደብ አልመጣሁም። ግን ግራ ገብቶኛል።

ስካይሪምን ከጨረስኩ በኋላ «አሁንስ ምን ልጫወት?» ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። ኦብሊቪየን፤ ከስካይሪም በፊት የወጣው የዚያው ተከታታይ ጌም። ስቶሪው ይበልጣል፣ ሚሽኖቹ ይበልጣሉ፣ ከተሞቹ ነፍስ አላቸው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 22 ቀን 2025 ሪማስተሩ (በአዲስ ግራፊክስ የታደሰው ቅጂ) ድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ዩትዩብ በሙሉ እሱ ብቻ ሆነ። እኔም ጎመጀሁ።

ሪማስተሩን ተዉት። ከ100 ጊጋ በላይ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ስካይሪምን ራሱ ያስኬደው ግራፊክሱን መሬት አውርጄ፣ መስኮት ከፍቼ፣ የደሴ ብርድ አግዞኝ ነው። ስለዚህ የ2006ቱን ኦሪጅናል ከጓደኛዬ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ።

አጀማመሩ እንዳሉኝ ነው። እስር ቤት ነህ። ንጉሠ ነገሥቱ ገዳዮች ሲያሳድዱት በአንተ ክፍል በኩል ሊያመልጥ ይመጣል። ድምፁ የተዋናዩ ፓትሪክ ስቱዋርት ነው። ብዙም ሳይቆይ ይገደላል። ከዚያ በፍሳሽ ቦይ ተሹለክልከህ ትወጣለህ፤ ፊት ለፊትህ ውሃ፣ ከውሃው ማዶ ነጭ የድንጋይ ፍርስራሽ። ማንም «እዚያ ሂድ» አይልህም። ዋኝቼ ተሻገርኩ። እስከዚህ ድረስ አንደኛ።

ችግሩ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ላይ ሽፍቶቹ ቆዳ ለብሰው፣ ዝገት የበላው ጎራዴ ይዘው ነበር የሚመጡብኝ። ያምናል ሰው። ሌቨሌ (የገጸ ባሕርዬ ደረጃ) ከፍ ሲል ብረት ለበሱ። እሺ። ሃያን ሳልፍ ግን መንገድ ዳር ያስቆመኝ ሽፍታ አረንጓዴ የመስታወት ጥሩር ከራስ እስከ እግሩ ለብሷል። ጌሙ ውስጥ ካሉ ውድ ዕቃዎች አንዱን! ይህን ለብሶ ምን ይለኛል? «100 ወርቅ አምጣ።»

አንተ ሰውዬ፣ የለበስከው ቢሸጥ እኮ ሺዎች ያወጣል። ጫካ ምን አስገባህ? ሽጠውና ሱቅ ክፈት።

ስካይሪም ላይ ገና ጀማሪ ሳለሁ ማሞዝ (ፀጉራም ዝሆን) የሚጠብቀውን ያንን ግዙፍ ሰውዬ በዱላ ነካ ላደርገው ስል አንዴ መትቶ ሰማይ ላይ ነው የሰቀለኝ። ከዚያ ወዲያ ማሞዝ ካየሁ መንገድ እቀይር ነበር። በኋላ ጠንክሬ ሄጄ ስጥለው የተሰማኝን ደስታ እዚህ ፈልጌ አጣሁት። የምፈራውም የምንቀውም የለም። ሁሉም እኩያዬ ነው። እናንተ ይህን እንዴት ወደዳችሁት?

ባቲ ሰኞ

ሃሃሃ «ሱቅ ክፈት»! እንኳን ወደ ለቅሶ ቤቱ በደህና መጣህ። ይሄ ቅሬታ ጌሙ ከወጣ ጀምሮ ያለ ነው። ሌቨል ስኬሊንግ ይሉታል። ጠላቱም፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃም፣ የሚሸለምህ ጎራዴም የአንተን ሌቨል እያየ ነው የሚወጣው። ጋሼ መጥተው ይፍረዱ።

ጋሼ ሞሮዊንድ (ወልድያ)

ስሜን ስትጠሩ ሰማሁ።

የጦሳው፣ አንተ ከስካይሪም ወደ ኋላ ተመልሰህ ነው ያዘንከው። እኛ ከሞሮዊንድ፣ ከኦብሊቪየን በፊት ከነበረው ጌም፣ ወደ ፊት መጥተን ነው ያዘንነው። የእኛ ይብሳል።

ሞሮዊንድ 2002 ላይ ነው የወጣው። ከመጀመሪያዋ መንደር ወጣ እንዳልክ ጩኸት ትሰማለህ። ቀና ስትል አንድ ሰውዬ ከሰማይ እየወረደ ነው። መሬት ይመታና ይሞታል። ኪሱ ውስጥ ሦስት የአስማት ጥቅልል ታገኛለህ። አንዱን አንብበህ ስትዘል እንደ ወፍ ትሄዳለህ፤ ደሴቲቱን ከላይ ታያታለህ። ከዚያ ማረፍ አለ። እንዴት እንደምታርፍ የሚነግርህ የለም። ሰውዬው ለምን እንደሞተ የሚገባህ ያን ጊዜ ነው። ጌሙ «ሌቨልህ ገና ነው» ብሎ አልከለከለኝም። ዝም ብሎ ገደለኝ።

አቅጣጫ የሚጠቁም ቀስትም የለም። ኮምፓስህ ላይ ሚሽኑ የት እንዳለ የሚያሳይ ነገር የለም። ሰውዬው በቃሉ ይነግርሃል፤ በሰሜኑ በር ውጣ፣ ድልድዩን ስትሻገር ወደ ግራ፣ ሁለቱን ድንጋዮች ስታይ ዳገቱን ያዝ። ቦሩ ሜዳ ላይ አንዱን አባት የኩታበርን አቋራጭ ብትጠይቃቸው የሚነግሩህ ዓይነት አነጋገር ነው። ስትጠፋም የምትጠፋው የምርህን ነው። ግን ስትጠፋ ሌላ ዋሻ ታገኛለህ፤ ዋሻው ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ አንተ ደካማም ሁን ጠንካራ ያው ነው። ሮጠህ ትወጣለህ። ቦታውን ምልክት ታደርግበታለህ። ቂም ትይዛለህ። አንድ ቀን ትመለሳለህ።

እንግዲህ እኛ ይህን ይዘን ነው ኦብሊቪየንን የጠበቅነው። 2005 ላይ የጌሙን ሥራ የመራው ቶድ ሃዋርድ ኢ ስሪ በሚባለው የጌም አውደ ርዕይ መድረክ ያሳየን ነገር ደግሞ ጨርሶ አሳበደን። አንዲት ባለ መጽሐፍ ሱቅ ሴት ታነባለች፣ ቀስት ትለማመዳለች፣ ውሻዋ ሲረብሻት በአስማት ታደነዝዘዋለች። ራዲያንት ኤአይ ብለው ጠሩት። ሰዎቹ የራሳቸው ኑሮ፣ የራሳቸው ፍላጎት ይኖራቸዋል ተባለ። ሲወጣ ምን አገኘን? ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ ስለ ጭቃ ሸርጣን ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ፣ ደህና ሁን ይባባላሉ፣ ከዚያ ያው ሁለቱ እንደገና ሰላም ይባባላሉ።

ድምፁንም ልብ በል። ሞሮዊንድ አብዛኛው ጽሑፍ ስለነበር ገጸ ባሕርያቱ እንደ ልባቸው ያወሩ ነበር። ኦብሊቪየን ላይ ሁሉም ነገር በድምፅ ተቀዳ። ገንዘቡ ለፓትሪክ ስቱዋርትና ለሾን ቢን ሄደ መሰለኝ፣ የቀረውን አገር በሙሉ ጥቂት ሰዎች ተካፈሉት። ለማኙ በተሰበረ ድምፅ ምጽዋት ይለምንሃል፤ ስለ ከተማው ወሬ ስትጠይቀው በድንገት የመኳንንት ድምፅ ያወጣል።

የመርሳ ብርቱካን

እኔ እኮ ጌም ማለት ሁለት ሰው አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ኳስ ሲጫወት ይመስለኝ ነበር። እናንተ ግን በጌም ለቅሶ ተቀምጣችኋል። አብሽሩ።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን በዚህች አልስማማም። የጦሳው ወንድሜ፣ አንተም ስማኝ።

ይህን ጌም የሚወቅስ ሰው ሁሉ ስለ ሽፍታው ጥሩር ነው የሚያወራው። ስለ ሚሽኖቹ የሚያወራ የለም። እኔ ከስካይሪምም ከሞሮዊንድም በፊት ነው የተጫወትኩት፤ ከማንም ጋር አላወዳደርኩትም፤ ወደድኩት።

ቼይዲንሃል የምትባለው ከተማ ሄደሃል? እዚያ አንዲት ሴት ባሏ ጠፍቶባታል። ሰዓሊ ነው። የሥራ ክፍሉ በውስጥ ተቆልፏል፣ እሱ ግን የለም። ትገባለህ፤ ሸራው ላይ የተሳለ ጫካ አለ። ስትነካው ወደ ሥዕሉ ውስጥ ትገባለህ። ዛፉም ሰማዩም የብሩሽ ምት ነው። ሰዓሊው ውስጥ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ የሚያስፈራው ነገር ደግሞ ትሮል የሚባሉ በቀለም የተሳሉ ጭራቆች ናቸው። ተርፐንታይን ይሰጥሃል። ቀለም የሚያቀልጠውን ማለት ነው። ጎራዴህን ትቀባውና ትሮሎቹን ትገጥማለህ። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ! ስካይሪም ውስጥ እንደዚህ ያለ ስንት ታሳየኛለህ?

የገዳዮቹን ማኅበርስ? አንድ ቤት ውስጥ አምስት እንግዶች ይቆለፋሉ። የተጠሩት የተደበቀ ወርቅ ሊፈልጉ ነው። አንተ ስድስተኛው ነህ፣ ገዳዩም አንተ ነህ፣ እነሱ አያውቁም። እያንዳንዳቸውን ታናግራለህ፣ አንዱን በሌላው ታስጠረጥራለህ። አንዱ ሲሞት የቀሩት አንተኑ ያማክሩሃል። ጎራዴ ላይመዘዝ ይችላል ማለት ይቻላል። ሌቨልህ ስንት እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ ትዝም አይልህ።

ስለዚህ ጥያቄህን ልመልስ። እንዴት ወደድነው? ለውጊያ ብለን አልነበረም የገባነው።

ባቲ ሰኞ

ሐይቅ ዳር ስትናገር ዝም ነው። ግን አንቺው፣ ከአንዱ ሚሽን ወደ ሌላው የሚኬደው በእግር እኮ ነው፤ መንገዱ ላይ ያ ባለ መስታወት ሽፍታ አለ።

ሐይቅ ዳር

ፋስት ትራቭል (ካርታው ላይ ከተማውን መርጠህ ዘለህ መድረስ) አለ። ትልልቆቹ ከተሞች ገና ከመጀመሪያው ክፍት ናቸው። ልቤን አታድርቀው።

ጋሼ ሞሮዊንድ

እሱም አንዱ በሽታ ነው! ያላየሁት ከተማ እንዴት ዘልዬ እገባለሁ?

ቮልቴጅ (ኮምቦልቻ)

እስካሁን የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ብልሽት ማንም አልነካውም። ችግሩ ጠላቶቹ ማደጋቸው ብቻ አይደለም። ጌሙ «አድገሃል» የሚልህ መቼ ነው የሚለው ነው።

21 ክህሎት አለ። ከነዚህ 7ቱን ዋና ብለህ ትመርጣለህ። ዋናዎቹ ተደምረው 10 ጊዜ ሲያድጉ አልጋ ላይ ተኝተህ ሌቨል ትወጣለህ። አሁን እንበልና ከሰባቱ ውስጥ ንግግርን፣ ንግድንና መድኃኒት ቅመማን መረጥክ። ገበያ ለገበያ ስትዞር፣ ቅጠል ስትቀምም፣ ሰው ስታባብል ሌቨልህ ወጣ። ዓለሙ ይህን የሚያየው እንደ ጀግና ነው። አንተ ምላስህን ስታሳላ ጎብሊኑ፣ ያ የዋሻ ጭራቅ፣ ጡንቻ አወጣ። ከከተማ ስትወጣ በቅናሽ የገዛኸውን ጫማ ይዘህ ሞትክ።

ሌላው ጉድ ደግሞ ይሄ ነው። ሌቨል ስትወጣ ጉልበት፣ ጽናት፣ ፍጥነት ከመሳሰሉት ሦስት መርጠህ ትጨምራለህ። ጭማሪው እስከ 5 ይደርሳል። ግን 5 ለማግኘት በዚያ ሥር ያሉትን ክህሎቶች 10 ጊዜ ማሳደግ ነበረብህ። ይህን ያልቆጠረ ሰው 2 እና 3 እየጨመረ ያድጋል፤ ጠላቱ ግን ሳይጎድልበት ነው የሚያድገው። ስለዚህ ጎበዞቹ ምን ዘዴ አመጡ? የማትጠቀምበትን ክህሎት ዋና አድርግ፣ የምትጠቀምበትን ትርፍ አድርግ። እንግዲህ ጦረኛ ልሁን ያለ ሰው ጦረኝነትን ዋና ሥራው እንዳያደርግ ይመከራል ማለት ነው! ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ የሚጫወት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። የሒሳብ ሹም ነው እንጂ ጌመር አይመስልም።

ሪማስተሩ ይህን ሁለተኛውን አስተካክሎታል። ስንት ጊዜ ዘለልክ ስንት ጊዜ መታህ ሳይል በየሌቨሉ 12 ነጥብ ይሰጥሃል፣ ትደለድላለህ። የጠላቶቹን አብሮ ማደግ ግን በአብዛኛው እንዳለ ነው የተዉት። ስለዚህ የጦሳው፣ አዲስ ላፕቶፕ የለኝም ብለህ አትዘን፤ ባለ መስታወቱ ሽፍታ በአዲሱ ግራፊክስም ይጠብቅሃል።

የጦሳው

ቮልቴጅ፣ አሁን ገባኝ። እኔ ከሰባቱ ዋና አንዱ መዝለል ነበር። አክሮባቲክስ። በየመንገዱ እየዘለልኩ ነበር የምሄደው፣ ያስደስተኝ ስለነበር። ለካ በዘለልኩ ቁጥር ተኩላውን እያወፈርኩት ነበር።

ሐይቅ ዳር፣ የሥዕሉን ሚሽን አላገኘሁትም፤ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ገና ሌቨሌ ትንሽ እያለ አንድ ሚሽን ጨርሼ የአስማት ጎራዴ ተሸለምኩ። ስሙ ያምራል፣ ሲመዘዝ ያበራል። ደስ አለኝ። ለካ ጎራዴው የተሰጠኝ በዚያን ሰዓት ሌቨሌ ልክ ነው፤ በዚያው ይቀራል። ያንኑ ሚሽን ዘግይቶ የጨረሰ ሰው ያንኑ ጎራዴ እጥፍ ጠንካራ ሆኖ ያገኘዋል። ቶሎ ስለደረስኩ ነው የተቀጣሁት። እሱ ነው ያበሸቀኝ።

ወደ ገሃነሙ ዓለም የሚያስገቡት የእሳቱ በሮችም እንደዚያው። የመጀመሪያው ላይ ስገባ ደነገጥኩ። ቀይ ሰማይ፣ የሚፈላ ባሕር፣ ሰማይ የሚነካ ግንብ። ግንቡ ጫፍ ወጥተህ ድንጋዩን ስትነቅል በሩ ይዘጋል። ጥሩ። ከዚያ ሌላ በር፣ ሌላ ግንብ፣ ያው ኮሪደር፣ ያው ድንጋይ። ገሃነም ለመድኩ። ገሃነም የሚለመድ ነገር ነው?

ጨዋታ ቤት አለኝ (ኮምቦልቻ)

እኔ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው ያለኝ። ጌም የማየው ከቢዝነስ አንጻር ስለሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ኦብሊቪየንን ፒኤስ 3 ላይ ጭኜው ነበር። አያዋጣም። ኳስ በጨዋታ ነው የሚከፈለው፤ አስር ደቂቃ፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ጌም ግን በሰዓት ነው፤ የአንድ ሰዓት ሒሳብ የከፈለ ልጅ ፊቱን ሲያስተካክል፣ አፍንጫ ሲያረዝም ግማሹ ያልቅበታል። ከዚያ እስር ቤቱ። ከዚያ «ሰዓትህ ሞልቷል» እለዋለሁ። ተሰዳድበው የሄዱ አሉ።

አንድ ልጅ ብቻ ይመላለስ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይመጣል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ይሄዳል። ይህ ልጅ ሽፍታ ሁሉ ይፈራው ነበር። አንድ ሁለት ሲላቸው ይወድቃሉ። እኔ ጎበዝ ነው ብዬ ነበር። አሁን ቮልቴጅ የጻፈውን ሳነብ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ልጁ ጨርሶ አይተኛም ነበር! አልጋ ላይ መተኛት ሒሳቡን የሚበላ መስሎት ነው። ስለዚህ ሌቨሉ አልወጣም። ክህሎቱ እያደገ፣ ሽፍታው በቆዳ ልብሱ እንደቀረ፣ አገሩን ሁሉ ዞረ። ከእናንተ ሁሉ በላይ የተደሰተው እሱ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ ሌላ ልጅ ሴቩ ላይ ሴቭ አደረገበትና ቀረ እንጂ።

ባቲ ሰኞ

ይህን ፖስት በወርቅ ጻፉልኝ። እንቅልፍ ያጣ ጀግና!

ቮልቴጅ

ቀልድ ይመስላል እንጂ የታወቀ ዘዴ ነው። ሌቨል ሳይወጡ ክህሎትን ማሳደግ። ክቫች የምትባለውን የተቃጠለች ከተማ ብታስታውሱ፣ ገና እንደጀመርክ ከሄድክ የሚገጥሙህ ስካምፕ የሚባሉት ትንንሾቹ ጭራቆች ናቸው። ዘግይተህ ከሄድክ ግን አዞ የሚመስሉት ዴይድሮቶች ናቸው የሚቀበሉህ፤ አብረውህ የሚዋጉት ወታደሮች ደግሞ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ክቫችን ቶሎ ጨርስ» ይላል።

የጦሳው

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሚና መጫወት፣ ማደግ ብለው የሸጡልን ጌም ውስጥ ምርጡ ምክር «አትደግ» ነው።

ጋሼ ሞሮዊንድ

እኔ ከ2006 ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነው። ዓለሙ አንተን እየጠበቀ፣ አንተን እያየ፣ በአንተ ልክ የሚሰፋ ከሆነ አንተ ከሌለህበት ምንም የለም ማለት ነው። ሞሮዊንድ እኔ መጣሁ ቀረሁ ደንታ አልነበረውም። ኦብሊቪየን ግን አጎብዳጅ ነው። በዚህ ላይ ያሳዩንን አልሰጡንም። ዋሽተውናል ባይ ነኝ።

ቮልቴጅ

ጋሼ፣ ዋሽተዋል የሚለው ይከብዳል። ራዲያንት ኤአይን በእርግጥ ሠርተውት ነበር። ገንቢዎቹ እንደተናገሩት በሙከራ ጊዜ ሰዎቹ ከሚገባው በላይ ነፃ ሆኑ። ስኩማ የሚባለውን ሱስ የያዛቸው ገጸ ባሕርያት ሻጩን ገድለው ዕፁን ይወስዱ ጀመር፤ ተጫዋቹ ሲደርስ ሚሽኑን የሚሰጠው ሰው ሞቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ልጓም አበጁለት። የጠላቱ ማደግም ከዚያው ፍርሃት የመጣ ይመስለኛል። ተጫዋቹ በፈለገው ጊዜ ወደ ፈለገው ቦታ ይሂድ ካልክ፣ የትም ሲደርስ እንዳይሞትም እንዳይሰለችም ማድረግ አለብህ። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላው ተከፈተ።

ጋሼ ሞሮዊንድ

ልጓሙን ካበጁለት በኋላ ግን መድረክ ላይ ወጥተው «ልጓም አበጀንለት» አላሉንም። ጭራሽ ጌሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ የፈረስ ጥሩር በ2.50 ዶላር ሸጡልን። ፈረሱ ወርቅ ለበሰ፣ ከተማው ያው ስለ ጭቃ ሸርጣን ያወራል።

ሐይቅ ዳር

ኧረ ጋሼ፣ አንቱ ደግሞ ቂምዎ አያረጅም! የፈረሱን ጥሩር ያልገዛ ሰው ምን ጎደለበት? በ2007 የወጣውን የጌሙን ተጨማሪ ክፍል፣ ሺቨሪንግ አይልስን፣ ለምን አያነሱም? የእብዶች አምላክ አገር። ግማሹ ደማቅ፣ ግማሹ ጨለማ። የመጀመሪያው ጌም ላይ የጠፋው ድፍረት እዚያ ላይ ተመልሷል።

ጋሼ ሞሮዊንድ

እሱን አልክድም። እሱ ጥሩ ነው።

ባቲ ሰኞ

ጋሼ «ጥሩ ነው» አሉ! ስክሪንሹት አንሱልኝ።

የጦሳው

እሺ፣ እንግዲህ ላጥፋው ወይስ ልቀጥል? ቮልቴጅ፣ ይህን ነገር የሚያስተካክል ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጭኑት ማሻሻያ) የለም?

ቮልቴጅ

ብዙ አለ። ለአንተ የምመክረው ኦስኩሮ የሚባለው ሰው የሠራውን ሞድ ነው። እሱ ዓለሙን ሞሮዊንድን ወደሚመስል ነገር ይመልሰዋል። ዋሻው የራሱ ጥንካሬ ይኖረዋል፤ አንዳንዱ ገና በሩ ላይ ይገድልሃል፣ አንዳንዱ ላይ እየሳቅህ ታልፋለህ። ተራው ሽፍታ ተራ ዕቃ ይለብሳል። ጥሩ ዕቃ የሚገኘው አስቸጋሪ ቦታ ነው። ግን አሁን በያዝከው ሴቭ ላይ አትጫነው፤ አዲስ ጀምር። ከመጫንህ በፊትም ዳታ የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ፤ ከተበላሸ ሁሉንም እንደገና ከመገልበጥ ያድንሃል። ሳምንት ደሴ እወጣለሁ፤ ፍላሽ ይዘህ ፒያሳ ና፣ እሰጥሃለሁ። ዳታህን አትጨርስ።

ጨዋታ ቤት አለኝ

ለእኔም ያዝልኝ። ያ ልጅ ከመጣ ልጫንለት።

ጋሼ ሞሮዊንድ

ሞድ ከምትጭን ሞሮዊንድን ራሱን ብትጫወት ምን ነበረበት? ኦፕን ኤምደብሊው የሚባለው ኢንጂን (ጌሙን የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ ያንተ ላፕቶፕ ሳያቃስት ያስኬደዋል።

የጦሳው

ጋሼ፣ ፎቶውን አየሁት። የሰዎቹ ፊት ግን...

ጋሼ ሞሮዊንድ

የኦብሊቪየን ሰዎች ፊት ድንች የመሰለውን ስትታገስ ከርመህ የእኛ ላይ ስትደርስ ውበት ፈለግክ?

ሐይቅ ዳር

በዚህኛውስ ጋሼ ልክ ናቸው። የጦሳው፣ አዲስ ስትጀምር መዝለሉን ከዋናዎቹ ውስጥ አውጣው። ቼይዲንሃል ስትደርስም ተርፐንታይኑን በአንድ ትሮል ላይ አትጨርሰው፤ በዛ ያሉ ናቸው።